የጀልባ መብራት አምፖልን በኤል ኢ ዲ መቀየር ሕጋዊ ነው ወይ?

ገላን የምሠራበት ግቢ ውስጥ የሚገባው አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ ነው፣ ጀልባ ብርቅ ነው። ባለፈው ግን አንድ ጋሼ ከአስፋልቱ ታጥፈው ተጎታች ላይ የተጫነች ነጭ የፋይበር ጀልባ ይዘው ከች አሉ። ርዝመቷ አምስት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፣ ላንጋኖ ሊያወርዷት ነው። በፌስታል ሦስት ኤል ኢ ዲ አምፖል ይዘዋል። «ልጄ፣ እነዚህን ቀይርልኝማ፣ የድሮዎቹ ባትሪዬን እየመጠጡ አስቸገሩኝ፣ እነዚህ ደግሞ ሞክሬያቸዋለሁ፣ ልክክ ብለው ይገባሉ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው ይገባሉ። ሶኬቱ ያው ነው፣ 12 ቮልት ነው፣ ማብሪያውን ስትጫኑት ቦግ ይላሉ። ቀን ላይ ስናያቸው ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር።

ማታ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ግቢው ድቅድቅ ብሏል፣ እኔ ወደ በሩ ሄጄ ዞር ስል ጀልባዋ ላይ ያለው አረንጓዴ አረንጓዴ አይደለም፣ ነጣ ያለ ውሃ ሰማያዊ ነገር ሆኗል። ቀዩ ደግሞ ደብዝዞ ሊጠፋ የደረሰ ፍም መስሏል። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው፣ ዝም ብለው አዩትና «ይሄማ ሌላ ነገር ነው» አሉ። ጀልባዋ እዚያው አደረች።

ከዚያ ወዲህ ቢሾፍቱ ጀልባ ያላቸው ሰዎችም ይሄንኑ ጥያቄ ስለጠየቁኝ፣ አንዱ «ኤል ኢ ዲ የተከለከለ ነው» ሌላው «የፈለከውን አድርግ ማን ያይሃል» ሲል ስለሰማሁ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፣ ኤል ኢ ዲ አልተከለከለም። ሕጉ ግን የሚያየው አምፖሉን ብቻ አይደለም፣ ሙሉ መብራቱን ነው፣ ማለትም ቤቱን (አምፖሉ የሚገባበትን ማቀፊያ)፣ ሌንሱንና አምፖሉን አንድ ላይ። አምፖሉን ብቻ ነቅላችሁ ሌላ ስትከቱበት ያ ተፈትኖ ያለፈው መብራት ሌላ መብራት ሆነ ማለት ነው።

ለመሆኑ የጀልባ የጉዞ መብራት ሥራው ምንድነው?

ብዙ ሰው እንደ መኪና ፓውዛ ነው የሚያስበው፣ ፊት ያለውን ለማየት። አይደለም። የጉዞ መብራት፣ ናቪጌሽን ላይት የሚሉት ማለት ነው፣ ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነው። ከመኪና ጋር ካወዳደራችሁት ወደ ፍሬቻና ወደ ኋላ መብራት ነው የሚቀርበው።

ከቃሊቲ እስከ ዱከም ማታ የነዳ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ከፊት አንድ መብራት ብቻ ሲመጣ ታያለህ፣ ሞተር ሳይክል ነው ብለህ ትንሽ ወደ መሐል ትጠጋለህ፣ ሲደርስ ግን የግራ መብራቱ የተቃጠለበት አይሱዙ ነው! መብራት አልነበረውም እንዳትል ነበረው፣ በደንብ ያበራል፣ ግን የነገረህ ነገር ውሸት ነው።

ውሃ ላይ ይብሳል። አስፋልት የለ፣ የመሐል መስመር የለ፣ የሌላውን ጀልባ አካል ጭራሽ አታዩትም፣ የምታዩት አንዲት የብርሃን ነጥብ ነው፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የምታውቁት ከዚያች ነጥብ ተነስታችሁ ነው። ለዚህ ነው ቀለሙም የሚታይበት አቅጣጫም በዲግሪ ተለክቶ የተቀመጠው። ጀልባው ላይ ወደ ፊት ዞራችሁ ስትቆሙ በቀኝ ጎን አረንጓዴ፣ በግራ ጎን ቀይ፣ እያንዳንዳቸው ከቀጥታ ፊት ጀምረው በጎን ዞረው ትንሽ ወደ ኋላ እስኪያልፉ 112.5 ዲግሪ ይሸፍናሉ። ከኋላ ነጭ አለ፣ እሱ 135 ዲግሪ። ደምሩት፣ 112.5 ሁለት ጊዜ እና 135፣ ልክ 360 ይሞላል። የሞተር ጀልባ ከሆነ በዚህ ላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ወደ ፊት የሚያበራ ነጭ ይጨመራል፣ እሱ 225 ዲግሪ ነው፣ ቀዩና አረንጓዴው አብረው የሚሸፍኑትን ያህል ማለት ነው።

አሁን ሌላ ጀልባ ላይ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣችኋል እንበል። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ካያችሁ ቀጥታ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ነጭ ብቻ ካያችሁ ወይ ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ ነው ወይ መልሕቅ ጥሎ ቆሟል። በቀኛችሁ በኩል መጥቶ ፊታችሁን የሚያቋርጥ የሞተር ጀልባ ቀዩን ጎኑን ነው የሚያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ መንገድ የምትለቁት እናንተ ናችሁ። በግራችሁ ከመጣ የምታዩት አረንጓዴውን ነው፣ የሚለቀው እሱ ነው። እንግዲህ አረንጓዴው ነጥቶ ነጭ ከመሰለ ሌላኛው ነጂ የኋላ መብራት ነው ብሎ ያስባል፣ ወደ ፊት እየሄደለት የመሰለው ጀልባ በጎን እየመጣበት ነው።

ሕጉስ የትኛው ነው? እኛ ሀይቅ ላይ ይሠራል እንዴ?

በዓለም ላይ ሁሉም የሚጠቅሰው በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከሐምሌ 1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው፣ በባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል የተደረገው ዓለም አቀፍ ደንብ ነው፣ ባለሙያዎቹ ባጭሩ ኮልሬግ ይሉታል። ከላይ የጻፍኳቸው ዲግሪዎች በሙሉ የእሱ ናቸው።

የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ግን የሚሠራበትን ቦታ ይናገራል፣ ክፍት ባሕር ላይ፣ እና ከባሕር ጋር ተያይዞ የባሕር መርከብ ሊገባበት የሚችል ውሃ ላይ። ሆራና ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሀይቆች ናቸው፣ ላንጋኖም ወደ ባሕር አይወጣም። ጣና እንኳ በአባይ በኩል ሜዲትራኒያን ይደርሳል ብትሉ ጢስ አባይን ሽቅብ ወጥቶ የሚመጣ መርከብ የለም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ ደንብ በራሱ እግር መጥቶ እነዚህ ሀይቆች ላይ አይሠራም።

እዚህ ጋ ነው «በቃ ሕግ የለም ማለት ነው» የሚለው ስህተት የሚመጣው። ያው አንቀጽ ከባሕር ጋር በተያያዘ ሀይቅና ወንዝ ላይ እንኳ የየአገሩ ባለሥልጣን የራሱን ልዩ ደንብ ማውጣት እንደሚችል ይናገራል፣ ሲያወጣም በተቻለ መጠን ከኮልሬግ ጋር የተቀራረበ ይሁን ይላል፣ ከባሕር ጋር ያልተያያዘው ላይማ ጭራሽ የአገሩ ሥልጣን ነው። እኛ አገር የውሃ ላይ ትራንስፖርት የሚመለከተው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው፣ ጀልባ ሀይቅ ላይ ልታወርዱ ከሆነ ምዝገባውንም መብራቱንም መጀመሪያ እዚያ መጠየቅ ነው እንጂ ከጎረቤት ጀልባ ነጂ መስማት አይበቃም። ሌላው ደግሞ፣ ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣ ጀልባም መብራትም የሚፈተነው በዚሁ ኮልሬግ መለኪያ ነው፣ አውሮፓም አሜሪካም። መለኪያው አንድ ስለሆነ እኔም ከዚህ በኋላ የማወራው በእሱ ነው።

ታዲያ ኤል ኢ ዲን ይከለክላል?

አይከለክልም። የደንቡ ቴክኒክ ክፍል ውስጥ ብርሃኑ ከምን መምጣት እንዳለበት የሚል ነገር የለም፣ ከሽቦ ይምጣ ከኤል ኢ ዲ ግድ አይለውም። የሚጠይቀው ቀለሙ ከተወሰነለት ክልል እንዳይወጣ፣ አቅጣጫው በተባለው ዲግሪ እንዲቆረጥ፣ ከተባለው ርቀት እንዲታይ ነው።

ርቀቱ ላይ ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር አለ። ከ12 ሜትር በታች ለሆነ ጀልባ የጎን መብራቶቹ ከ1 የባሕር ማይል መታየት አለባቸው፣ ይሄ 1852 ሜትር ነው። የኋላው፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ነጭና ዙሪያውን የሚያበራው ደግሞ ከ2 ማይል። ለ1 ማይል የሚያስፈልገው የብርሃን ጉልበት 0.9 ካንዴላ ብቻ ነው፣ አንድ ተራ ሻማ አንድ ካንዴላ ገደማ ይሰጣል፣ አስቡት እንግዲህ፣ አንድ ሻማ ነው! ለ2 ማይል 4.3 ካንዴላ፣ ለ3 ማይል 12። ከ50 ሜትር በላይ የሆነ ትልቅ መርከብ ምሰሶው ላይ ለሚሰቅለው የ6 ማይል መብራት እንኳ 94 ካንዴላ ነው የሚጠየቀው።

ስለዚህ ሻጩ «ይሄ እኮ ከድሮው አምስት እጥፍ ያበራል» ሲላችሁ የሚመልስላችሁ ላልጠየቃችሁት ጥያቄ ነው። እንዲያውም ደንቡ የብርሃኑ ጉልበት ዓይን እስኪያጭበረብር እንዳይበዛ ይገደብ ይላል።

ካበራ፣ ከገባ፣ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ ቀለሙ። ነጭ ኤል ኢ ዲ ስንለው ዓይናችን ነው ነጭ የሚለው። ውስጡ ያለችው ቅንጣት የምታወጣው ሰማያዊ ነው፣ ላይዋ ላይ ቢጫ ዱቄት ተቀብቶባታል፣ ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቁ ነጭ ይመስለናል። ነጩ ሲገለጥ ብዙ ሰማያዊ፣ ብዙ ቢጫ፣ ትንሽ ቀይ ነው። የድሮው አምፖል ግን የጋለ ሽቦ ነው፣ የጋለ ሽቦ ሁሉንም ቀለም ያወጣል፣ ከሁሉም አብዝቶ ቀዩን።

የጀልባው ቀይ ሌንስ ደግሞ ወንፊት ነው። ወንፊት ዱቄት አይሠራም፣ የገባለትን ይለያል እንጂ። የድሮው አምፖል ቀዩን በገፍ ስለሚያፈስለት ወንፊቱ ሌላውን አስቀርቶ ብዙ ቀይ ያሳልፋል። ነጭ ኤል ኢ ዲ ሲገባበት ግን ቀዩ ድሮም ትንሽ ነበር፣ የሚያልፈው ጭላንጭል ነው። አረንጓዴው ጋ ደግሞ ሌንሱ የተሠራው ለሽቦ ብርሃን ስለሆነ የሰማያዊው ጠርዝ አብሮ ያመልጣል፣ ያ ነው እኛ ግቢ ያየነው ውሃ ሰማያዊ። ደንቡ ለእያንዳንዱ ቀለም ድንበር አስቀምጧል፣ ከዚያ የወጣ አረንጓዴ ምንም ያህል ቢደምቅ አረንጓዴ አይባልም።

ይሄን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልሳል፣ ከቀይ ሌንስ ጀርባ ቀይ ኤል ኢ ዲ፣ ከአረንጓዴ ጀርባ አረንጓዴ። ለቀለሙ ትክክል ነው፣ በጣም ይሻላል። ጋሼም በማግስቱ እነዚያን አምጥተው መጡ። ግን ሁለተኛው ችግር አለ፣ ለእኔ ከቀለሙ በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

አቅጣጫው እንዴት ይበላሻል?

ልጅ ሆናችሁ መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ፊት በእጃችሁ ግድግዳ ላይ ጥንቸል ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? የጥንቸሏ ጆሮ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ምክንያቱም የኩራዙ ነበልባል ትንሽ ነው። ያንኑ ረጅሙ ፍሎረሰንት ሥር ሞክሩት፣ ጥላው ይደበዝዛል፣ ጆሮው ከጭንቅላቱ አይለይም። ብርሃኑ ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከብዙ ቦታ ስለሚመጣ ነው።

የጀልባ የጎን መብራት የሚቆረጠው እንደዚሁ በጥላ ነው። ቤቱ ውስጥ ብርሃኑን ወደዚያኛው ጎን እንዳያልፍ የሚከልል ግድግዳ አለ፣ ሌንሱም ግድግዳውም የተሠሩት ብርሃኑ ከቀጭኗ ቋሚ ሽቦ፣ ከዚያችው ቦታ፣ ከዚያችው ከፍታ ይመጣል ተብሎ ነው። ኤል ኢ ዲ አምፖሉ ግን ዙሪያውን እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደሩ ቅንጣቶች ናቸው፣ ወፈር ያለ ነው፣ ከግድግዳው ጎን ለጎን ያጮልቃል። ደንቡ የጎን መብራት ቀጥታ ፊት ላይ ከመስመሩ ባለፈ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ባለው ውስጥ መቆረጥ አለበት ይላል።

እኛ ግቢ ሞከርነው። ከጀልባዋ አፍንጫ መሐል ጀምረን ቀጥታ ወደ ፊት ሲባጎ ወጠርን፣ 40 ሜትር ያህል፣ መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን። 40 ሜትር ላይ 3 ዲግሪ ማለት ከሲባጎው ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ረዳቴ አረንጓዴው ከሚታይበት ጎን ተነስቶ ሲባጎውን ተሻግሮ ወደ ቀዩ በኩል ቀስ ብሎ እየተራመደ አረንጓዴው ሲጠፋበት «ጠፋ» እንዲል ነገርኩት። በድሮው አምፖል ሲባጎውን አልፎ አንድ እርምጃ ተኩል ሲሄድ «ጠፋ» አለ። አረንጓዴውን ኤል ኢ ዲ ከተትኩና እንደገና። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ አምስት፣ «አሁንም አየዋለሁ» ይላል፣ ዘጠነኛው ላይ ነው የጠፋበት። ስድስት ሜትር ተኩል ያህል፣ ይሄ ወደ 9 ዲግሪ ነው። ቀለሙ ጥርት ያለ አረንጓዴ፣ ብርሃኑም ደማቅ፣ ግን መቆም ያለበት ቦታ አልቆመም።

200 ሜትር ላይ 3 ዲግሪ 10 ሜትር ገደማ ነው፣ 9 ዲግሪ ግን ከ30 ሜትር ያልፋል። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ ያለ ሰው ቀዩንም አረንጓዴውንም አብሮ ስለሚያይ ቀጥታ እየመጣብኝ ነው ይላል፣ ሳይመጣበት ይሸሻል፣ ሲሸሽም ጀልባው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሊገባ ይችላል።

ወደ ላይና ወደ ታችም እንዲሁ ነው፣ ጀልባ ስለሚዋልል። የሞተር ጀልባ መብራት 5 ዲግሪ ወደ ላይ 5 ዲግሪ ወደ ታች ሙሉ ጉልበቱን መስጠት አለበት፣ እስከ 7 ዲግሪ ተኩል ደግሞ ቢያንስ 60 በመቶውን። በሸራ የሚሄድ ጀልባ ስለሚያዘነብል እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ግማሹን መስጠት ይጠበቅበታል። የአምፖሉ ብርሃን የሚወጣበት ከፍታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተቀየረ ሌንሱ ብርሃኑን ወይ ሰማይ ላይ ወይ ውሃው ውስጥ ነው የሚጥለው።

መብራቱ የተፈቀደ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በላዩ ላይ ባለው ጽሑፍ። የጋሼ ጀልባ አሜሪካ የተሠራች ስለሆነች የመብራቶቹ ቤት ላይ ትንንሽ ጽሑፍ አለ፣ ጨው የበላው ነገር ሆኖ በስልክ መብራት ነው ያነበብነው። አሜሪካኖች ለመዝናኛ ጀልባ መብራት 33 ሲኤፍአር 183.810 የሚባል ደንብ አላቸው፣ መብራቱ ኤቢዋይሲ ኤ-16 በሚባለው ስታንዳርድ መሠረት በላቦራቶሪ ተፈትኖ የማይጠፋ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ያዛል። ጽሑፉ ላይ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ስንት ማይል እንደሚታይ፣ የፈተነው ላቦራቶሪና የተፈተነበት ቀን ይኖራል፣ ከዚያ ደግሞ የተፈተነበት አምፖል ዓይነት። ይቺ የመጨረሻዋ ናት ነገሩን የምትዘጋው። የፈተናው ውጤት የዚያ ቤት ከዚያ አምፖል ጋር ነው፣ አምፖሉ ሌላ ከሆነ ወረቀቱ የሚያወራው ስለሌላ መብራት ነው።

አውሮፓ የመዝናኛ ጀልባ የሚዳኘው በመመሪያ 2013/53 ነው፣ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 24 ሜትር ላሉት፣ መብራት ከተገጠመ ኮልሬግን ወይም የአውሮፓን የውስጥ ውሃ ደንብ ማሟላት አለበት ይላል። ለትልልቅ መርከብ የተፈተነ ዕቃ ላይ ደግሞ የመርከብ መሪ ቅርጽ ያለው ምልክት ታገኛላችሁ። ይሄ ምልክት ያለው መብራት ከሆነ በጠንካራ ፈተና ያለፈ ነው።

ኤል ኢ ዲ ከፈለጋችሁ፣ ደግሞ ብትፈልጉ እውነታችሁን ነው፣ መንገዱ አምፖል መቀየር ሳይሆን ሙሉ መብራቱን ከነቤቱ መቀየር ነው፣ ሲሠራ ጀምሮ ለኤል ኢ ዲ ተብሎ የተሠራና እንደዚያው የተፈተነ። አንዳንድ አምራቾች ከአንድ የተወሰነ ቤት ጋር አብሮ ያስፈተኑት መለወጫ አምፖል አላቸው፣ እሱም ይሆናል፣ ግን ወረቀቱ ላይ የእናንተ ቤት ሞዴል በስሙ መጠቀስ አለበት። «ለሁሉም ጀልባ ይሆናል» የሚል ማሸጊያ ይሄን አያሟላም።

ለእኔ ትንሽ ጀልባ ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል?

ሁሉም አይደለም። ከ12 ሜትር በታች የሆነ የሞተር ጀልባ የፊትና የኋላ ነጩን ለየብቻ ከማድረግ ይልቅ ዙሪያውን 360 ዲግሪ የሚያበራ አንድ ነጭ እና የጎን መብራቶቹን ብቻ ማድረግ ይችላል፣ ነጩ ከጎን መብራቶቹ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ጋሼ ሦስት አምፖል ብቻ የያዙትም ለዚህ ነው። የጎን ሁለቱ ከ20 ሜትር በታች በሆነ ጀልባ አንድ ቤት ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ከ7 ሜትር በታች ሆኖ ፍጥነቱ ከ7 ኖት የማይበልጥ፣ ማለትም በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዙሪያውን የሚያበራ አንድ ነጭ ይበቃዋል፣ የጎን መብራት የሚቻል ከሆነ ግን ያድርግ ይላል። በመቅዘፊያ የሚሄድ ደግሞ የእጅ ባትሪ ወይም ፋኖስ በእጁ አዘጋጅቶ ግጭት ሳይደርስ በጊዜ ካሳየ ይበቃል። ማታ በታንኳ ለሚወጣ ዓሣ አጥማጅ ይሄ በጣም ቀላል ነገር ነው፣ አንድ የእጅ ባትሪ።

ጊዜውም ፀሐይ ከጠለቀች እስክትወጣ ድረስ ነው፣ ቀን ላይም ቢሆን ጉም ወርዶ እይታ ሲቀንስ ማብራት ግዴታ ነው።

ለውበት የሚለጠፈው መብራትስ?

እንደ ባጃጅ ጀልባውን ዙሪያውን በስትሪፕ ኤል ኢ ዲ ማስዋብ፣ አፍንጫው ላይ ቀይና አረንጓዴ ስትሪፕ መለጠፍ አለ። ደንቡ ከጉዞ መብራቶቹ ጋር ሊምታታ የሚችል፣ ወይም እነሱ እንዳይታዩ የሚያደርግ፣ ወይም ነጂው አካባቢውን እንዳያይ የሚያውክ ሌላ መብራት እንዳይበራ በግልጽ ይከለክላል። ጀልባው ዳር ታስሮ ፎቶ ሲነሳ ሌላ ነገር ነው፣ ተፈትቶ መሄድ ሲጀምር ግን ስትሪፑ ይጠፋል። ቀይና አረንጓዴ ስትሪፕ ደግሞ ሳይፈተን የጉዞ መብራት ነኝ ብሎ የሚዋሽ መብራት ስለሆነ ለእኔ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ስለ ገመዱና ሬዲዮው

መኪና ላይ ርካሽ ኤል ኢ ዲ ስትገጥሙ ኤፍኤም ሬዲዮው ሲንጫጫ ሰምታችኋል አይደል? ጀልባ ላይም ያው ነው፣ ኤል ኢ ዲው ውስጥ ያለው ቮልት አስተካካይ ሰርኪዩት ነው የሚረብሸው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በ2018 እ.ኤ.አ. ኤል ኢ ዲ መብራት የአደጋ ጥሪ የሚሰማበትን ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ሊያፍን እንደሚችል ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ሬዲዮ ካላችሁ ከፍታችሁ መብራቱን አብሩ አጥፉ፣ ጩኸቱ ከመብራቱ ጋር ከመጣ አወቃችሁት።

ሌላው፣ ሽቦው አምፖል ሲቃጠል ድርግም ይላል፣ ወዲያው ታውቃላችሁ። ኤል ኢ ዲ ግን ያው ኤሌክትሪክ እየበላ በዓመታት ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ባለቤቱ ስለለመደው አያስተውለውም። ለዚህ ነው ለመርከቦች በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው መስፈርት ኤል ኢ ዲ መብራት ወይ ሲደክም የሚያስጠነቅቅ ነገር ይኑረው ወይ አምራቹ ከሰጠው የአገልግሎት ዘመን አልፎ አይሠራበት የሚለው። የመዝናኛ ጀልባ ባለቤት የገጠመበትን ቀን ቤቱ ውስጥ በፓርከር ቢጽፍ ይበቃዋል።

የባትሪው ነገር ግን እውነት ነው። 25 ዋት አምፖል ከ12 ቮልት ባትሪ 2 አምፔር ያህል ይስባል፣ ለኤል ኢ ዲ የተሠራ ሙሉ መብራት ከዚያ በጣም ባነሰ ይሠራል። ነገር ግን የጋሼን ጀልባ ገመዶች ስፈትሽ ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው በአምፖሎቹ ብቻ አልነበረም፣ የኔጋቲቩ መገጣጠሚያ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር፣ ባትሪው በደንብ ቻርጅ አይሆንም፣ አምፖሎቹም ጋ ሙሉው ቮልት አይደርስም። ሽቦ አምፖል ቮልቱ ትንሽ ሲወርድበት ብርሃኑ በጣም ነው የሚወርደው። ቆርጠን አዲስ ገመድ ስንቀጥልና ስናሽገው የድሮዎቹ አምፖሎች ቦግ አሉ፣ ጋሼ «እንዴ፣ አምፖል ቀየርክ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጀልባዋ ላንጋኖ የወረደችው ጽሑፉ ላይ ስማቸው ባለው የድሮ አምፖሎች ነው። ለኤል ኢ ዲ የተሠሩትን ሙሉ መብራቶች የውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ እንዲያመጣላቸው ሞዴሉን ጽፌ ሰጠኋቸው፣ እነዚያ ሲመጡ መጀመሪያ ገላን ግቢ ሲባጎው ላይ እናያቸዋለን ተባብለናል።